መዳፍ ሲገለበጥ አጥንቱ ምን ይሆናል? የእጅና የክንድ ራጅ አቀማመጥ ላይ እርዱኝ (ጎንደር ያላችሁ)

ማራኪ ሦስተኛ ዓመት
ሐሙስ፣ ምሽት 1፡20

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ዛሬ የተግባር ፈተና ነበረን። ከሰዓት በኋላውን ስቅስቅ ብዬ አልቅሼ ነው አሁን የምጽፈው።

የደረሰኝ የክንድ ኤፒ (ጨረሩ ከፊት ገብቶ በኋላ የሚወጣበት) ነበር፤ ፎርአርም የምንለው። ጓደኛዬን እንደ ታካሚ አስቀመጥኳት። ክርኗን ዘረጋሁ። መዳፏን ወደ ላይ አዞርኩ። የጨረሩን ርቀት 100 ሴንቲ ሜትር አደረግኩ። መብራቱን ከክርን እስከ አንጓ አጥብቤ፣ የቀኝ ምልክቱንም አስቀመጥኩ። ምንም አልዘለልኩም። ከዚያ ፈታኙ ጎንበስ ብለው «ይቺ ልጅ መዳፏን ብትገለብጠው ምስሉ ላይ ምን ታያለሽ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ «መጽሐፉ መዳፍ ወደ ላይ ይሁን ይላል» አልኩ።

«መጽሐፉን አልጠየቅኩሽም። አጥንቱን ነው የጠየቅኩሽ» አሉኝ። ማክሰኞ ድጋሚ ተቀጥሬያለሁ።

እውነቱን ለመናገር አቀማመጦቹን ከጣት እስከ ትከሻ በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ለምን እንደዚያ እንደሚደረጉ ግን አላውቅም። አንዱን ካንዱ የሚያያይዝልኝ ነገር የለኝም። እናንተ እንዴት ነው ያጠናችሁት? ማክሰኞ የትኛው እንደሚደርሰኝ አላውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ንገሩኝ።

ፒያሳ ልጅ
ሐሙስ፣ ምሽት 1፡45

አይዞሽ እህቴ። እኔም ባለፈው ሴሚስተር እንደዚሁ ነው የሆንኩት። የአንጓ ስምንቱን ትናንሽ አጥንቶች ቁጠር ተብዬ አምስተኛው ላይ ጠፋብኝ። አሁን ግን አይጠፉኝም። የራሴን ግጥም ሰራሁላቸው፦

ሰኞ ለት ተገናኘን ፒያሳ፣
ትኩስ ትኩሱን ካፌ ሃምሳ።

ላይኛው ስንኝ ወደ ክርን የቀረበው ረድፍ ነው፦ ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይኩዌትረም፣ ፒሲፎርም። ታችኛው ወደ ጣቶቹ የቀረበው፦ ትራፒዚየም፣ ትራፒዞይድ፣ ካፒቴት፣ ሃሜት። ሁለቱንም ከአውራ ጣት በኩል ጀምረሽ ወደ ትንሿ ጣት ነው የምትቆጥሪው። ሁለቱ «ትኩስ» የሚያምታቱሽ ከሆነ፣ አውራ ጣት የተቀመጠችባት ትራፒዚየም ናት።

ስምንቱን ካወቅሽ ቀሪው ቀላል ነው። 5 የመዳፍ አጥንት፣ 14 የጣት አጥንት። እጅ ብቻ 27 ሆነ። የላይኛው ክንድ ሂዩመረስ፣ የታችኛው ክንድ ሬዲየስና አልና ሲጨመሩ 30። ከአንገት ሥር ያለችው ክላቪክልና ከትከሻ ኋላ ያለችው ጠፍጣፋዋ ብራኳ ሲገቡ 32 በአንድ በኩል።

የድሮ ራጅ ክፍል
ሐሙስ፣ ምሽት 3፡05

ልጄ፣ ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ፈታኝሽ ውለታ ነው የዋሉልሽ። አሁን መጽሐፉን ዝጊና የራስሽን ቀኝ ክንድ ጠረጴዛ ላይ አስተኚው፤ መዳፍሽ ወደ ላይ።

በግራ እጅሽ የክርንሽን ሹል ጫፍ ያዢ። እሱ ኦሌክራኖን ነው፤ የአልና ጫፍ። ከዚያ ጀምረሽ በትንሿ ጣት በኩል እስከ አንጓ ድረስ በጣትሽ እየዳሰስሽ ውረጂ። አጥንቱ ከቆዳው ስር ወጥ ሆኖ ይሰማሻል፤ የትም አይሰወርም። አሁን ደግሞ በአውራ ጣት በኩል አንጓሽ አጠገብ ያለውን ወፍራም አጥንት ጨብጪ። ሬዲየስ ነው። ሳትለቂው መዳፍሽን ቀስ ብለሽ ወደ ታች ገልብጪው።

ምን ሆነ? አልና ከቦታው እምብዛም ንቅንቅ አላለም። ሬዲየስ ግን ተሻግሮ ወደ ሌላው ወገን ሄደ። አንዴ ደግሞ ድገሚው፤ አሁን ግን ጣትሽ ክርን ላይ ይሁን። ከውጪኛው ጉብታ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለሽ ጫን አድርጊ። መዳፍሽ ሲገላበጥ ስሩ የምትሽከረከር ነገር አለች። የሬዲየስ ራስ ናት። ላይኛው ጫፍ በቦታው ይሽከረከራል፤ ታችኛው ጫፍ አልናን አቋርጦ ይዞራል።

ጓደኛሽ መዳፏን ብትገለብጠው ኖሮ ሁለቱ አጥንቶች ምስሉ ላይ ተጠላልፈው ታዪያቸው ነበር። በተጠላለፉበት ቦታ ስንጥቅ ቢኖር በምን ይለያል? መዳፍ ወደ ላይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን የሚያያይዝ ነገር ላልሽው። እኔ ለተማሪ ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱን የክርን ጉብታዎች ፈልጊ። ኤፒኮንዳይሎቹን። በአውራ ጣትሽና በመሃል ጣትሽ ግራና ቀኝ ያዣቸው። በሁለቱ መካከል መስመር አስቢ። መስመሩ ከካሴቱ (ምስሉ ከሚያርፍበት ሳህን) ጋር ትይዩ ከሆነ የያዝሽው ኤፒ ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ላተራል (የጎን ምስል) ነው። ለክንድም፣ ለክርንም፣ ለሂዩመረስም፣ ለትከሻም ያው ነው። እጁ ወዴትም ይዙር፣ ጉብታዎቹ አይዋሹሽም።

ማራኪ ሦስተኛ ዓመት
ሐሙስ፣ ምሽት 3፡40

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አደረግኩት። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር፤ «ምን ሆነሽ ነው ክንድሽን የምትጠመዝዢው?» አለችኝ። የእሷንም ይዤ ሞከርኩ። የሬዲየስ ራስ ስትሽከረከር ተሰማችኝ! ሦስት ዓመት ስለሷ አንብቤ ዛሬ ነው የነካኋት።

ግን ግራ የገባኝ ነገር አለ። መዳፍ ሲገለበጥ አጥንት የሚጠላለፍ ከሆነ፣ የእጅና የአንጓ ራጅ ላይ ለምን መዳፍ ወደ ታች እናደርጋለን?

የድሮ ራጅ ክፍል
ሐሙስ፣ ምሽት 4፡00

ምክንያቱም እዚያ የምንፈልገው ሌላ አጥንት ነው። ሬዲየስና አልና የሚጠላለፉት ወደ ላይ፣ ወደ ክርን ጠጋ ብሎ ነው፤ አንጓ ጋ ጎን ለጎን ናቸው። መዳፍ ወደ ታች ሲሆን ደግሞ እጁ ካሴቱ ላይ ልጥፍ ይላል፣ ታካሚውም አይጨነቅም። ጨረሩ የመሃል ጣት ስር ካለው መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል።

አንጓ ሲሆን ትንሽ ለውጥ አለው። ጣቶቹን ጠቅለል አድርጊያቸው። እጅ ሲዘረጋ አንጓው ከካሴቱ ከፍ ይላል። ጣት ሲጠቀለል አንጓው ይወርዳል፣ ትናንሾቹ አጥንቶች ወደ ካሴቱ ይጠጋሉ፣ ምስሉም ይጠራል። በራስሽ እጅ ጠረጴዛ ላይ ሞክሪው፤ ሲወርድ ታዪዋለሽ።

አውራ ጣትን አትርሺ። እጅ በመዳፉ ተኝቶ ሲነሳ አራቱ ጣቶች ፊት ለፊት ይታያሉ፤ አውራ ጣት ግን ዘወር ብላ ነው የምትታየው። ስለዚህ የአውራ ጣት ጉዳት ሲመጣ የእጅ ራጅ ብቻ አይበቃም። ለብቻዋ ትነሳለች።

ደባርቅ ተረኛ
ዓርብ፣ ጠዋት 12፡50

ተረኛ አድሬ አሁን ነው ያየሁት። ስለ ክንድ ከተነሳ ልቤ ውስጥ ያለ ነገር ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። የት እንደነበር ይቅር። ስምንት ዓመት ገደማ የሆነው እረኛ ልጅ ከዛፍ ወድቆ መጣ። ክንዱ መሃል ላይ አብጧል። ያለን ካሴት ትንሽ ነበር። ያመመው ቦታ ይታይ ብዬ መሃሉን አነሳሁ። አልና ተሰብሯል፤ ግልጽ ብሎ ይታያል። በቃ፣ አገኘሁት ብዬ ሰጠሁ። ጄሶ ታሰረለት፣ ሄደ።

ከሳምንታት በኋላ አባቱ ይዞት ተመለሰ። ክርኑ እንደ ልብ አይታጠፍም። እንደገና ሲነሳ፣ ክርኑም ሲገባ፣ የሬዲየስ ራስ ከቦታዋ ወጥታለች። መጀመሪያውኑ ወጥታ ነበር። እኔ ቆርጬ ስላስቀረኋት ነው ያልታየችው። ካሴቱን አግድም አድርጌ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ባስቀምጠው ኖሮ ሁለቱም መገጣጠሚያ ይገባ ነበር። ወይ ደግሞ ሁለት ቦታ ማንሳት ነው። ልጁ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

እህቴ፣ ከክንድ አጥንቶች አንዱ ብቻ ተሰብሮ ካጠረ ወይም ከታጠፈ፣ ሁለተኛው የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ጫፍና ጫፋቸው የተያያዘ ነው። አልና ተሰብሮ የሬዲየስ ራስ ከወጣች ሞንቴጂያ ይባላል። ሬዲየስ ታች ተሰብሮ አንጓ ጋ ከአልና ከተለየ ጋሌያትሲ። ክንድ ሲነሳ ክርንም አንጓም ይግባ።

የድሮ ራጅ ክፍል
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡30

ወንድሜ፣ ይህን ስለነገርከን ተባረክ። ስንት ተማሪ ከዚህ ይድናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሙ ሞንቴጂያ ይህን ስብራት የገለጸው እንደ አውሮፓውያኑ በ1814 ነው። የአየርላንዱ ሐኪም ኮሌስም በስሙ የሚጠራውን የሬዲየስ የታችኛው ጫፍ ስብራት የጻፈው በዚያው በ1814 ነው። ሮንትገን ራጅን ያገኘው በኅዳር 1895፤ ከ81 ዓመት በኋላ። በዚያ ዘመን ምስል የለም። ዓይንና ጣት ብቻ ነው የነበራቸው። ዳስሺ የምልሽ ለዚህ ነው።

ሮንትገንም መጀመሪያ ካነሳቸው የሰው አካል ምስሎች ታዋቂው የሚስቱ እጅ ነው፤ በታኅሣሥ 22 ቀን 1895። ቀለበቷ ጣቷ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። እኛ ግን ቀለበት እናስወልቃለን። በተለይ እጁ ማበጥ ከጀመረ ፈጥነሽ አስወልቂ፤ በኋላ በመጋዝ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ክርን ላተራል እንሂድ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እሱ ነው። ክርኑ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፣ አውራ ጣት ወደ ላይ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው ትከሻ ነው። ትከሻ፣ ክርንና አንጓ በአንድ ወለል ላይ መተኛት አለባቸው። ታካሚው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ትከሻው ከጠረጴዛው በላይ ይቀራል፤ ላይኛው ክንዱ ተዳፋት ይሆናል፤ ጉብታዎቹ አይደራረቡም።

ታዲያ መፍትሔው በርጩማ ነው። አጭር በርጩማ። እኔ ራጅ ክፍል ውስጥ አንድ በርጩማ ከሌለ ሥራ አልጀምርም። ታካሚው ዝቅ ሲል ብብቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ይገጥማል፣ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ይተኛል። በርጩማ ከሌለ ክንዱን በስፖንጅ ወይም በታጠፈ አንሶላ ከፍ አድርጊው። ጉልበቱን ግን ጠረጴዛው ስር አታስገቢ። ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጥ፤ ጨረሩ ጭኑ ላይ እንዳያርፍ።

ልክ ሲሆን የሂዩመረስ ጫፍ ላይ ቅስቶች አንዱ በአንዱ ውስጥ ሆነው ታዪያለሽ። የፋሲል ግንብን በር ቅስት አስቢ፤ አንዱ ቅስት ሌላውን አቅፎት። ቅስቶቹ ከተፋለሱ ዞሯል ማለት ነው።

አጥንት ሬዚደንት
ዓርብ፣ ቀን 7፡15

ከቀዶ ክፍል ወጥቼ ምሳ ላይ ነኝ፤ ጋሼ ያሉትን ከኛ በኩል ላጠናክር።

90 ዲግሪው ለምን? አጥንቱን ለማሳየት ብቻ አይደለም። ክርን ውስጥ ከፊትና ከኋላ ትናንሽ የስብ ትራሶች አሉ። የፊተኛው በጤናም ጊዜ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ሊታይ ይችላል። የኋለኛው ግን በሂዩመረስ ጀርባ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚኖረው፤ በትክክል በታጠፈ ክርን ላይ ከታየ ጤና አይደለም። መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ወይም ውሃ ሲሞላ የፊተኛውን እንደ ጀልባ ሸራ ይነፋዋል፣ የኋለኛውንም ገፍቶ ያወጣዋል። ስብራቱ ራሱ ባይታይ እንኳ ትራሶቹ ይናገራሉ። ልጅ ከሆነ ከክርን በላይ ያለውን ስብራት እጠረጥራለሁ፤ አዋቂ ከሆነ የሬዲየስን ራስ።

ክርኑ ሳይታጠፍ ከተነሳ ግን ኦሌክራኖን ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ትራሱን ያስወጣዋል። እኔ ደግሞ በሌለ ነገር ደንግጬ ልጁን አስተኛዋለሁ። እናንተ 90 ዲግሪ ስትሉ እኔ የማነበው ፊደል እየተስተካከለ ነው።

ሌላው፣ እባካችሁ፣ የተጎዳ ልጅ ክርን በግድ አትዘርጉ። ከክርን በላይ ያለው ስብራት ሹል ጫፍ ከፊቱ የሚያልፈውን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ክርኑ ካልተዘረጋ ኤፒውን ሁለት ጊዜ አንሱት፦ አንዴ ላይኛው ክንድ ካሴቱ ላይ ተኝቶ፣ አንዴ ታችኛው ክንድ ተኝቶ። ከማንሳታችሁ በፊትም በኋላም አንጓው ላይ ያለውን የልብ ምት ዳስሱ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከገረጡ ሥራውን አቁማችሁ ጥሩን።

በነገራችን ላይ የልጅ ክርን ላይ የሚታዩት አጥንት መሳይ ነጠብጣቦች ሁሉ ስብራት አይደሉም። በየዕድሜው ብቅ የሚሉ የዕድገት ማዕከሎች ናቸው። በግምት በ1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እና 11 ዓመት፤ ቅደም ተከተሉም ካፒቱለም (የሂዩመረስ የታችኛው ጫፍ ውጪኛ ክፍል)፣ የሬዲየስ ራስ፣ የውስጥ ጉብታ፣ ትሮክሊያ (የዚያው ጫፍ ውስጠኛ ክፍል)፣ ኦሌክራኖን፣ የውጪ ጉብታ። ሴቶች ላይ ቀደም ይላል። ትሮክሊያ ታይታ የውስጥ ጉብታ ከጠፋች ተነቅላ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብታ ሊሆን ይችላልና ፈልጓት።

ነርስ ከአዘዞ
ዓርብ፣ ምሽት 2፡10

ልጆች፣ እኔ የራጅ ሰው አይደለሁም። ግን ታካሚውን ወደ እናንተ የምልከው እኔ ነኝና አንድ ነገር ልበል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሌሊት ተነስታ በእግሯ ተጉዛ ነው መኪና ያገኘችው። ልጁ ከወደቀ ቀናት አልፈውታል። ወጌሻ አይቶት በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ አስሮታል። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። ራጅ ክፍል የነበረው ወጣት ገና ሳያያት «ለምን ወጌሻ ጋ ወሰድሽው?» ብሎ ጮኸባት። እናትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ስንጠይቃት መቼ እንደታሰረ እንኳ አልነግር አለችን። ሐኪሙ ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈልገው እሱን ነበር፤ የታሰረበት ሰዓት።

እባካችሁ አትቆጡ። ወጌሻው ለእሷ የቅርብ ሰው ነው፤ የመጣላት እሱ ነው። «መቼ ታሰረ? ከታሰረ ወዲህ ሕመሙ ባሰበት? ጣቱን ስታንቀሳቅሺው ይጮኻል?» ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ማሰሪያውንም በራሳችሁ አትፍቱ፤ ሐኪም ጥሩ።

ሌላ ደግሞ የትከሻና የክላቪክል ራጅ ላይ ማተብ አለ። መስቀሉ ብረት ከሆነ አጥንቱ ላይ ይወድቃል። አንድ ተማሪ መቀስ ሲያነሳ አይቼ ጮህኩ። አይቆረጥም! ማተብ የሰው እምነት ነው። «አንቱ፣ ማተብዎን ወደዚህ ልበልልዎት?» ብሎ ወደማይነሳው ወገን ማዞር፣ ወይ ወደ አገጭ ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ሰው ሲከበር ዝም ብሎ ይተኛላችኋል።

ማራኪ ሦስተኛ ዓመት
ዓርብ፣ ምሽት 2፡30

እትዬ፣ እናትየዋን አሰብኳት። ልጁ እንዴት ሆነ?

ነርስ ከአዘዞ
ዓርብ፣ ምሽት 2፡50

ክንዱ ተረፈ የኔ ልጅ። ሁለት ጣቶቹ ግን አልተረፉም።

ፒያሳ ልጅ
ቅዳሜ፣ ቀን 5፡00

እኔ ስካፎይድ ላይ ጥያቄ አለኝ። መጽሐፉ አንጓውን ወደ ትንሿ ጣት በኩል አጥፉት ይላል። ሕመምተኛው ግን ይጮኻል። የባጃጅ አደጋ የደረሰበት ልጅ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ ነው ኮብልስቶኑ ላይ የወደቀው። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ደባርቅ ተረኛ
ቅዳሜ፣ ቀን 5፡20

ትንሽ መግፋት ነዋ። ካልታጠፈ ስካፎይድ አጥሮ ነው የሚታየው፤ ስንጥቁም ይደበቃል። እኔ አይዞህ እያልኩ ቀስ ብዬ እገፋለሁ።

የድሮ ራጅ ክፍል
ቅዳሜ፣ ቀን 6፡10

እዚህ ላይ አልስማማም ወንድሜ። የተሰበረ አጥንት አይገፋም፤ በአይዞህም ቢሆን።

ለምን እንደሚታጠፍ እንይ። ስካፎይድ ቀጥ ብላ አልተኛችም፤ ወደ መዳፍ አዘንብላ ነው ያለችው። ከላይ ሲመጣ ጨረሩ ያጠረች አድርጎ ያሳያታል። አንጓው ወደ ትንሿ ጣት ሲታጠፍ ስካፎይድ ትዘረጋለች። ያ ካልተቻለ አጥንቷን ትተን ጨረሩን እናዘንብላለን። ቲዩቡን (ጨረሩ የሚወጣበትን) 20 ዲግሪ ወደ ክርን አቅጣጫ አዘንብለው። ሕመምተኛውን ሳትነካው ያው ውጤት ታገኛለህ።

ደባርቅ ተረኛ
ቅዳሜ፣ ቀን 6፡25

ጋሼ፣ የኛ ቲዩብ ማዘንበያው ከተበላሸ ቆይቷል። ቁልቁል ብቻ ነው የሚያየው።

የድሮ ራጅ ክፍል
ቅዳሜ፣ ቀን 6፡40

እንግዲያው ካሴቱን አዘንብለው። በጣቶቹ በኩል ስፖንጅ አስገባና 20 ዲግሪ ከፍ አድርገው፤ ጨረሩ ቁልቁል ይምጣ። ከቻለ ደግሞ እጁን ይጨብጥ፤ ሲጨብጥም ስካፎይድ ትዘረጋለች።

ደባርቅ ተረኛ
ቅዳሜ፣ ቀን 6፡45

ይሄን ያህል ዓመት ሠርቼ አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ፣ ስፖንጅ ቆርጬ አዘጋጃለሁ። አመሰግናለሁ ጋሼ።

አጥንት ሬዚደንት
ቅዳሜ፣ ምሽት 12፡30

ስካፎይድ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ቀስሩት። ሥሩ ላይ፣ በሁለት ጅማቶች መካከል ጉድጓድ ትታያለች። ፈረንጆቹ ሱረት የሚያስቀምጡባት ብለው ነው ስም ያወጡላት። ወለሏ ላይ ስካፎይድ አለች። እዚያ ሲጫን ሕመምተኛው ከጮኸ ራጁ ንጹህ ቢሆንም አልለቀውም። አዲስ ስንጥቅ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። አስረን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና እናነሳዋለን።

ይህን ያህል የምንጨነቀው ደሟ በዋናነት ከጣቶቹ በኩል ባለው ጫፍ ገብቶ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ነው። ወገቧ ላይ ከተሰበረች ወደ ክርን የቀረበው ቁራጭ ደም ሊያጣና ሊሞት ይችላል። «ወለምታ ነው» ተብሎ ሲታሽ የከረመ አንጓ ስንቱን ሥራ አስፈትቶታል።

የአንጓ ላተራል ላይም ሉኔትን እዩዋት። ስኒ ናት፤ ካፒቴት ውስጧ ተቀምጧል። ሬዲየስ፣ ሉኔት፣ ካፒቴት በአንድ መስመር ይደረደራሉ። ስኒዋ ወደ መዳፍ ተደፍታ ካያችኋት ሉኔት ወጥታለች። ኤፒው ወይም ፒኤው (ጨረሩ ከኋላ የሚገባበት፣ መዳፍ ወደ ታች) ላይ ሊያመልጥ ይችላል፤ ላተራሉ ግን ያጋልጠዋል። እሱም እውነተኛ ላተራል ከሆነ ነው፤ ሬዲየስና አልና ተደራርበው።

ማራኪ ሦስተኛ ዓመት
እሑድ፣ ቀን 9፡00

ትከሻ ቀረኝ። ወደ ውጪ መዞርና ወደ ውስጥ መዞር አሁንም ይምታታብኛል።

የድሮ ራጅ ክፍል
እሑድ፣ ቀን 10፡15

ጉብታዎቹን ያዢ ብዬሽ አልነበር? መዳፉ ወደ ፊት ሲዞር የክርን ጉብታዎች ከካሴቱ ጋር ትይዩ ይሆናሉ። ያኔ ትልቁ የሂዩመረስ ጉብታ ወደ ውጪ ጎኑን ሰጥቶ ይታያል። የእጁ ጀርባ ታፋው ላይ ሲያርፍ ደግሞ የክርን ጉብታዎቹ ቀጥ ይላሉ፤ ትንሹ የሂዩመረስ ጉብታ ወደ ውስጥ፣ ወደ ብራኳ በኩል ይታያል። አንደኛው ኤፒ፣ ሌላኛው ላተራል መሆኑን አየሽ? ያው የክርኑ ነገር ነው።

ይህ ግን ላልተሰበረ ትከሻ ነው። ወድቆ የመጣን ሰው አታዙሪ። እጁ እንዳለ፣ እንደታቀፈው ኤፒውን አንሺ። ከዚያ ክንዱን ሳትነኪ ሰውነቱን አዙረሽ ብራኳው ጎኑን እንዲሰጥ አድርጊ። ምስሉ ላይ ብራኳ እንደ ባላ ሆና ትወጣለች። የሂዩመረስ ራስ ባላው መሃል ከተቀመጠች ደህና ናት። ከባላው ወደ ፊት፣ ከኮራኮይድ (ከብራኳ መንቆር መሳይ ጫፍ) ስር ከወረደች ወደ ፊት ወጥታለች፤ አብዛኛው የትከሻ መውጣት እንዲህ ያለ ነው።

ለክላቪክል ብዙ አትጨነቂ። አንድ ቀጥታ፣ አንድ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ራስ አዘንብሎ። ሁለተኛው አጥንቷን ከጎድን አጥንቶቹ በላይ ያወጣታል።

ማራኪ ሦስተኛ ዓመት
ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡05

መጣሁ። ታውቃላችሁ ምን ደረሰኝ? ክርን ላተራል!

ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር ረጅም ነበር። ፈታኙን «በርጩማ አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። አልነበረም፤ አንሶላ አጣጥፌ ከክንዷ ስር አደረግኩ። ከዚያ ጉብታዎቹን ያዝኩ። «ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ስለ ስብ ትራሱም፣ ስለ 90 ዲግሪውም፣ የልብ ምቱንም ለምን እንደዳሰስኩ። አልፌያለሁ።

ግን ልነግራችሁ የመጣሁት ሌላ ነው። ከፈተናው በኋላ የልምምድ ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት መጡ፤ ከደምቢያ ነው የመጡት። እንስራ ተሸክመው ድጥ አዳልጧቸው፣ አንጓቸው ወደ ኋላ ተቆልምሟል፤ ያ ኮሌስ የጻፈው ዓይነት። እጃቸውን ሌላው እጃቸው አቅፎታል፣ ለማንም አያሳዩም። «እማማ፣ አንቱ እንዳሉ ይቀመጡ፣ እኔ ማሽኑን ነው የማዞረው» አልኳቸው። ላተራሉን ክንዳቸውን ሳላዞር ቲዩቡን አግድም አድርጌ፣ ካሴቱን ከጎን አቁሜ አነሳሁ። ሬዲየስና አልና ተደራርበው ወጡ።

ሲጨርሱ «አለቀ? አልነካሽኝም እኮ» አሉኝ። ከዚያ በደህናው እጃቸው የኔን ክንድ ይዘው፣ ክርኔ ላይ ሁለቱን ጉብታዎች መታ መታ አድርገው መረቁኝ።

የድሮ ራጅ ክፍል
ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡30

እልል! ፒኤውስ? ጣቶቹን ጠቀለልሽላቸው?

ማራኪ ሦስተኛ ዓመት
ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡34

አልጠቀለልኩም ጋሼ። አመማቸው። ከመዳፋቸው ስር የታጠፈች ጋውን አስገብቼ እንዲያርፉባት አደረግኩ።